የሚኒባስ ጣቢያው ግድግዳ

ሐርጌሳ የደረስኩት ከተማዋ ገና ከጦርነቱ ፍርስራሽ በምትነሳበት ጊዜ ነበር። በአንድ የእርዳታ ድርጅት አርክቴክት ሆኜ የሚኒባስ ጣቢያ እንድሠራ ተመደብኩ። የተጠየቅኩት ጥላና አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ተሳፋሪው በሚጠብቅበት ረጅም ግድግዳ ላይ ሥዕል እንዲኖር ለምኜ አስፈቀድኩ።

ሠዓሊው አዲስ አበባ የተማሩ፣ ከጦርነቱ በፊት የሥዕል አስተማሪ የነበሩ የሐርጌሳ ሰው ናቸው። አማርኛቸው ከእኔ ይጣፍጣል። ቦምብ ሳይነካት የነበረችውን ከተማ ከነሱቆቿና ከነበረንዳዎቿ መሳል ጀመሩ። ሰው ከሚኒባስ እየወረደ ያያል፤ "ያ የእኛ በር ነው!" እየተባባለም ይከራከራል።

አንድ ቀን ከሼክ ኑር ሰፈር የመጡ እናት የሠዓሊውን እጅ ይዘው በሶማሊኛ ብዙ ተናገሩ።

"ምን አሉ?" አልኳቸው።

"ልጄን በራችን ላይ አቁምልኝ ነው የሚሉት። በሽሽቱ ጊዜ እንደወጣ ቀረ። ፎቶም የላቸው። መልኩን አላውቀውም ብላቸው፣ ጀርባውን ሳልልኝ አሉኝ።"

ሳሉላቸው። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ቀጭን ወጣት፣ ፊቱን ወደ በሩ ያዞረ። እናትየው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። ወሬው ሲሰማ ሌሎችም መጡ። ባል የጠፋባት፣ እህት የቀረችበት። ግድግዳው ጀርባቸውን በሰጡን ሰዎች ሞላ።

ጣቢያው ተመርቆ ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ለማስታወቂያ ተከራየ። ማንም አልነገረን። ጠዋት ስደርስ ሠራተኞች ነጭ ቀለም እየቀቡበት ነበር። ጣቢያውን ወደተረከበው ማዘጋጃ ቤት ሮጥኩ። ኃላፊው በትሕትና፣ "ፕሮጀክቱን አስረክባችኋል እኮ፤ ከዚህ በኋላ እናንተን አይመለከትም" አለኝ። ስመለስ አልቋል። እናትየው የበራቸውን ቦታ እርጥቡ ቀለም ላይ በመዳፋቸው እየዳበሱ ይፈልጋሉ። ምን ልበላቸው? ቋንቋቸውንም አላውቅ።

ሠዓሊው ጣቢያውን ትተው አያሃ ሰፈር ዘመድ ቤት ገቡ። ሄጄ ጠየቅኳቸው።

"ሌላ ግድግዳ እናገኛለን" አልኩ።

"ተይ፣ ልጄ። ሰዎቹ የሚቀብሩት እንኳ አላገኙም ነበር። እኔ አመጣሁላቸውና መልሼ ወሰድኩባቸው። አሁን መንገድ ላይ ሳያቸው የምገባበት ይጠፋኛል።"

"እርስዎ አላጠፉትም እኮ!"

"ለእነሱ ምን ለውጥ አለው?"

ለመሄድ ተነሳሁ። ሊሸኙኝ እስከ መንገዱ ወጡ። መኪና እስኪመጣ ሁለታችንም ፀሐይ ላይ ቆምን። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም፤ ሥዕል ግን ጨርሶ እንደተዉ ሰምቻለሁ።