የጉንቮር ዙርና የመጨረሻዋ ክሪስታል

ጉንቮር በወጣትነቷ የወተት ማለቢያ ማሽን ትጠግን ነበር። ሉንድ ከተማ ዳርቻ ወዳለው ትልቅ ክብ ሕንፃ ከገባች ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። እዚያ ኤሌክትሮኖች ለብርሃን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት ይሽከረከራሉ፤ መንገዳቸው በታጠፈ ቁጥር ብርቱ ኤክስሬይ ይረጫሉ። ጨረሩም በቀጭን ቧንቧ ጉንቮር ወደምትጠብቀው ክፍል ይመጣል።

ጨረሩ ሰው ላይ እንዳይለቀቅ፣ በሩ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሰው ክፍሉን ዞሮ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሦስት ቁልፎች በተራ መጫን አለበት። ብዙዎች ሮጠው ይጫኗቸዋል። ጉንቮር ጎንበስ ብላ የጠረጴዛውን ሥር ሳይቀር ታያለች።

አንድ ማለዳ ጨረሩን ለመጠቀም ተረኛው ሲክስተን ነበር፤ መዥገር ምራቅ ውስጥ ያለ የአንድ ፕሮቲን ቅርጽ የሚፈልግ ተመራማሪ። ከስምንት ወር ድካሙ የተረፈችው የፕሮቲኑ ክሪስታል ከአሸዋ ቅንጣት የምታንስ አንዲት ብቻ ናት። ተራው ሊያልቅ የቀረው ሃያ ደቂቃ ነው።

«ጉንቮር፣ ዛሬ እንኳ ቶሎ በይ!»

«ሰው ቢኖርስ?»

«ከእኔና ካንቺ በቀር ማን አለ?»

«እሱን ነው የማየው።»

ጎንበስ ስትል ከጠረጴዛው ሥር ትንሽ ማራገቢያ ሲዞር አየች። ቀና ብላ ክሪስታሏን ተመለከተች። ጨረሩ እንዳያበላሻት የሚያቀዘቅዛት የናይትሮጅን ንፋስ በማራገቢያው ተረብሾ፣ የክፍሉ እርጥበት በረዶ ሆኖ ተጋግሮባታል።

«ይህን ማን አመጣው?»

ሲክስተን ፊቱ ቀላ። «እዚያ ያኖርኩት ኮምፒውተሬ ጋለብኝ።»

«እሱ በረደልህ፤ ክሪስታልህ ግን ጢም አብቅላለች።»

በረዶውም ጨረር ይበትናል፤ ምስሉን ያበላሸዋል። መፍትሔው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከላይ ማፍሰስ ነው፤ በረዶውን ያጥባል፣ አንዳንዴም ክሪስታሏን ይዞ ይሄዳል።

«ያንተ ናት፤ አንተ ወስን» አለችው ፈሳሽ ናይትሮጅን የያዘ ኩባያ አንሥታ።

ሲክስተን ዓይኑን ጨፈነ። «አፍስሺው።»

ካፈሰሰችው ናይትሮጅን የተነሣው ጭጋግ ሲገለጥ ክሪስታሏ ጠርታ በቦታዋ ነበረች። ጉንቮር ማራገቢያውን አወጣችና ዙሩን ከመጀመሪያው ቁልፍ ጀመረች። ሲክስተንም ጎንበስ ብሎ አብሯት የጠረጴዛውን ሥር አየ።

ወጥተው በሩ ተዘጋ፤ ጨረሩ ተለቀቀ። ዘጠኝ ደቂቃ ሲቀር የመጀመሪያው ምስል ወጣ፦ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቋቁር ነጥቦች። እያንዳንዱ ነጥብ ክሪስታሏ ውስጥ የተሰለፉት ሞለኪዩሎች የበተኑት ጨረር ነው፤ እንዲህ ካሉ ብዙ ምስሎች፣ ከነጥቦቹ ቦታና ጥቁረት የፕሮቲኑ ቅርጽ ይሰላል። እንዴት ያለ ድንቅ ነገር ነው! ነጥቦቹ ወደ ምስሉ ጠርዝ በራቁ ቁጥር ቅርጹ ይበልጥ በዝርዝር ይታያል፤ እስከ ጠርዙ ባይዘልቁም ለስሌቱ ይበቁ ነበር።

ቀጣዮቹ ተረኞች የቀረፋ ዳቦ እየገመጡ በር ላይ ደርሰዋል። ጉንቮር ማራገቢያውን ለሲክስተን አስታቀፈችውና ለቀጣዮቹም ክፍሉን ለመዞር ተመልሳ ገባች።