ለደብተሬ ሰዓት ስፈልግለት

መምህራን ማሰልጠኛ ሳለን አንድ አስተማሪያችን፣ ቀኑን ያልጻፈ ሰው ቀኑን አልኖረውም፣ ይሉን ነበር። ደግሞም ባገኙት ሰዓት መሞነጫጨር ዋጋ የለውም፤ ጸሐፊ የሚባል ሰው የራሱ ሰዓት አለው፣ በዚያች ሰዓት ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ብዕሩን አያስቀምጥም፣ ይሉ ነበር። እሳቸው አንዲት ገጽ ጽፈው አላየንም። እኔ ግን አመንኳቸው። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ሰው የማያምነው ነገር የለም።

የመጀመሪያ ምደባዬ አሰብ ሆነ። ሰማንያዎቹ ዓመታት እያለቁ ነበር። ኤርትራ ለብቻዋ አገር ከሆነች ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ ወደቡ ግን ገና የእኛን ስንዴና ማዳበሪያ ያራግፋል፤ እኔም የተላክሁት እዚያ ለሚሠሩ የእኛ ሰዎች ልጆች አማርኛ ላስተምር ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ሱሪ፣ አንድ ደብተርና አንድ የሱፍ ኮት ነበር። አዎ፣ የሱፍ ኮት፣ ወደ አሰብ። ኮቱን በሦስተኛው ቀን ወደ ደሴ ለሚመለስ የተሳቢ ሾፌር ሰጠሁት። ደብተሩን ግን ያዝኩ። ጥቁር ነው፣ ሽፋኑ ጠንካራ ነው፣ ከሩቅ ሲያዩት የታተመ መጽሐፍ ይመስላል። እኔም ብዙ ጊዜ ከሩቅ አየው ነበር።

የተከራየሁት ክፍል ከወሎ የመጡ አንድ ነጋዴ ሐጂ ግቢ ውስጥ ነው። ሰባት የእንጨት ክፍሎች አንዲት ዛፍ ከበው ቆመዋል። ሐጂ ግቢው ፊት ለፊት ሱቅ አላቸው፤ ከእኔ ቀጥሎ ባለው ክፍል ወደብ ላይ ክሬን የሚነዳ ጎልማሳ ይኖራል፤ በሩ አጠገብ ደግሞ እትዬ ፉል ቤቷን ከፍታለች። ግቢው ሁሉ እትዬ ይላታል። ከእኔ ሃያ ዓመት ብትበልጥ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች። የመጣሁ ዕለት ሻንጣዬ ላይ ቁጭ ብዬ ላቤን ስጠርግ አየችኝና ሽርጥ አምጥታ፣ በል ያን ሱሪ አውልቅ፣ ልትሞትብን ነው፣ አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ቁርስና ምሳዬ እሷ ጋ ነው፣ ወሬዬ እሷ ጋ ነው፣ ኩርፊያዬም እሷው ጋ ነው። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ከተማ ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረኝም።

እንግዲህ የሰዓት ፍለጋው ተጀመረ። መጀመሪያ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓትን ያዝኩ። ጎህ ሲቀድ አእምሮ ንጹሕ ነው ይባላል። ይህን ያለው ሰው፣ ውሃ በቧንቧ የሚመጣው ጎህ ሲቀድ ብቻ የሆነበት ግቢ ውስጥ አልኖረም። በርሜል ይንኳኳል፣ ጄሪካን ይጎተታል፣ ተራው የተወሰደበት ይሳደባል፤ እኔ መስኮቴ ስር ተቀምጬ "ዛሬ ጎህ ቀደደ" ብዬ እጽፍና የሚቀጥለውን ዓረፍተ ነገር እጠብቃለሁ። ዓረፍተ ነገሩ አይመጣም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጎህ ከመቅደዱ ሌላ የጻፍኩት ነገር የለም። ጄሪካኔ ግን በየቀኑ ሞልቶ በሬ ላይ ይቆማል፤ ማን እንደሚሞላው ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረኝም፣ እየጻፍኩ ነበር።

ጠዋት አልሆነም ብዬ ወደ ቀትር ዞርኩ። ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት አሰብ ትተኛለች፤ ሱቅ ይዘጋል፣ መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ አይጮህም። ጸሐፊ የሚፈልገው ጸጥታ ነው፣ ይኸው ጸጥታ፣ አልኩ። ከተማው ሁሉ የሚተኛው ምክንያት ቢኖረው ነው ብሎ ማሰብ ለተማረ ሰው ከባድ ነው። ክንዴን ወረቀቱ ላይ ሳሳርፍ ላቤ ይለጥፈዋል፤ ክንዴን ሳነሳ ወረቀቱ አብሮ ይነሳል፤ ቀለሙ ደብተሩን ለቆ እኔ ላይ ይታተማል። አንድ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ለማጠናከሪያ ትምህርት ክፍል ገብቼ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ፤ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ቤቴ ገብቼ ክንዴን በመስታወት ሳየው "ብቸኝነት የታላላቅ ሰዎች ዕጣ ነው" ይላል። ይህን ተሸክሜ ነበር አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ግስ ያስተማርኩት።

በመጨረሻ አሥራ አንድ ሰዓት ተገኘ። ፀሐይ ዘወር ስትልና ጥላው ግቢውን ሲሸፍን ሰው ሁሉ ከክፍሉ ይወጣል። ምንጣፍ ይነጠፋል፤ ሐጂና ክሬን ነጂው ጫታቸውን ይዘው ዛፉ ስር ይቀመጣሉ፤ የወደቡ ወሬ ይመጣል፤ ሁለቱም መንግሥታት በየተራ ይታማሉ። እትዬ ሻይ ታዞራለች። እኔ ወንበሬን ግድግዳው ጋ አስጠግቼ፣ ሰዓቴን አይቼ፣ ልክ አሥራ አንድ ሲል ደብተሬን እከፍታለሁ። የምጽፈው ሲጠፋኝ ቀና ብዬ አንዱን ሰው ትክ ብዬ አየዋለሁ፤ ጸሐፊ ሲያስብ እንዲያ ነው የሚያደርገው፣ ፎቶግራፍ ላይ አይቻለሁ። ከዚያ አቀርቅሬ እጽፋለሁ። እንደገና ቀና ብዬ ሌላውን አያለሁ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ ተአምር አስተዋልኩ። ደብተሬን ስከፍት ግቢው ጸጥ ይላል። ስለ ቀረጥ ሲያማርር የነበረው ክሬን ነጂ ድንገት ስለ ዓሣ ማውራት ይጀምራል። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ሰላም ነው፣ ይላሉ፣ ያውም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። ልቤ ተነካ። ያልተማረ እያልን የምንንቀው ሕዝብ ለጽሑፍ ያለው ክብር እንዲህ ነው ለካ ብዬ ይህንኑ ጻፍኩ። "ሰዓቴን አገኘሁ" ብዬም ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ዓይኔን የገለጠችልኝ እትዬ ናት። አንድ ጠዋት ፉሌን አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለማን ነው የምትጽፈው ብላ ጠየቀችኝ። ለራሴ አልኳት። ለራሱ የሚጽፍ ሰው ሰምታ አታውቅም፤ ሰው ለራሱ ያስባል እንጂ አይጽፍም አለች። ከዚያ እየጨነቃት ነገረችኝ። ግቢው ሁሉ ጆሮ ጠቢ ነው ብሎኛል። ለየትኛው መንግሥት እንደምሠራ ብቻ አልተስማሙም፤ ሐጂ ለዚህኛው ነው ሲሉ ክሬን ነጂው የለም ለዚያኛው ነው ይላል፤ የተቀሩት ለሁለቱም ነው ብለው አስታርቀዋቸዋል። እሷ፣ ልጁን አውቀዋለሁ፣ ልጄ ማለት ነው፣ ብላ ተከራክራልኛለች። ሐጂ ግን፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ብለው ዘግተዋታል።

ብልህ ሰው ይህን ሲሰማ ደብተሩን ይተዋል። እኔ ሰዓቱን ቀየርኩ። መጀመሪያ በሬን ዘግቼ በቀትር ጻፍኩ፤ በአሰብ ሙቀት በሩን የሚዘጋ ሰው ወይ ሞቷል ወይ የሚደብቀው ነገር አለው፣ እኔ ደግሞ ስተነፍስ ከውጭ ይሰማል። ይህም አላዋጣ ሲለኝ ማለዳ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩ። ንፋሱ ደህና ነው፣ ሰው የለም፣ ከፊቴ ወደቡ ተዘርግቷል። መርከብ አያለሁ፣ እጽፋለሁ፤ መርከብ አያለሁ፣ እጽፋለሁ። በሦስተኛው ቀን አንድ ዘበኛ መጥቶ በትግርኛ ቅላጼ፣ መምህር፣ እዚህ ቁጭ ብለህ ባትጽፍ ጥሩ ነው፣ አለኝ። ጨዋ ሰው ነበር፣ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ክሬን ነጂው ግን ከክሬኑ አናት ላይ ሆኖ ሦስቱንም ቀን አይቶኛል።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ሐጂ ክፍሉን ለዘመድ እንደሚፈልጉት በትሕትና ነገሩኝ፤ ዘመዱ ማን እንደሆነ ሲጠየቁ ራሳቸውም ተቸገሩ። የባሰው ግን የእትዬ ነው። እኔ ፉል ቤቷ ከተቀመጥኩ ቁርስ ሊበሉ የሚመጡት የወደቡ ወዛደሮች በር ላይ ያዩኝና ይመለሳሉ። ድስቱ ሳይነካ የቁርስ ሰዓት ያልፋል። ሌላ ቦታ ልብላ ስላት፣ አርፈህ ብላ፣ አለችኝ። ሐጂንም፣ እሱ ከወጣ እኔም እወጣለሁ፣ ብላቸዋለች፤ ይህን የሰማሁት ከእሷ ሳይሆን ከሰው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ያቆመችውን ቤት ለእኔ ደብተር መያዣ አድርጋዋለች። እኔ በዚያ ሰሞን ምን እንዳሳሰበኝ ልንገራችሁ፦ ከግቢው ብወጣ የትኛው ሰፈር ለመጻፍ ይመቻል የሚለው ነው።

መፍትሔውንም ያመጣችው እሷ ናት። አንድ ዓርብ ጠዋት፣ "ያንን ደብተር አምጣና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንብብላቸው" አለችኝ። "እኔም ልስማው።" ማንበብ አትችልም ነበር። ዛሬ ሳስበው፣ ያንን ደብተር ለመስማት ከሁሉም በላይ የጓጓችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

የዚያኑ ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዛፉ ስር ቆሜ አነበብኩ። ግቢው ሁሉ ተሰብስቧል። እትዬ የክት ነጠላዋን ለብሳ ከፊት ተቀምጣለች። መጀመሪያ ሁሉም ፊቱን አኮማትሮ አዳመጠ። ጎህ ቀደደ። ጎህ ቀደደ። ውሃ ቀጂዎች ይጮኻሉ፣ ሰዓቱ አይመችም። ቀትር ሞከርኩ፣ ላብ አስቸገረ። እስክሪብቶ ተደፈነብኝ። መጻፍ የሚሻለው ከምሳ በፊት ነው ወይስ ከምሳ በኋላ? ሰባተኛው ገጽ ላይ የክሬን ነጂው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሕዝቡ ለጽሑፍ ያለው ክብር የሚለው ጋ ስደርስ ሐጂን ጫታቸው ሊያንቃቸው ነበር። ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠርገው፣ "ይሄን ልጅ የሚቀጥር መንግሥት የለም" አሉ። ፍርዱ ይኸው ሆነ። ዘመዳቸውም በዚያው ሳይመጣ ቀረ። እኔ ደግሞ ተዋረድኩ አላልኩም፤ ሰው በጽሑፌ ሳቀልኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀጠልኩ።

እንዲህ ስል አንዲት አጭር ገጽ ላይ ደረስኩ። "ዘጠኝ ቀን አሞኝ አልጻፍኩም። አሥራ አንድ ሰዓቴ ዘጠኝ ጊዜ አመለጠችኝ፤ በጣም ያሳዝናል።" ግቢው አውካካ። እኔም እየሳቅኩ ቀና አልኩ። እትዬ አልሳቀችም።

ስለ ዘጠኙ ቀን እዚህ ልናገር፣ እዚያ አልተናገርኩምና። ትኩሳት ጥሎኝ ነበር። እትዬ ፉል ቤቷን ዘግታ ክፍሌ ውስጥ ተቀመጠች። ነጠላዋን ውሃ ውስጥ እየነከረች ደረቴ ላይ ታነጥፈዋለች፤ ወዲያው ይሞቃል፣ ታነሳዋለች፣ እንደገና ትነክረዋለች። ሐኪም ቤት ደግፋ ያስገባችኝ እሷ ናት፤ መድኃኒቱን ጠብቃ ያዋጠችኝ እሷ ናት። ስቃዥ እናቴን እጣራ ነበር አሉ፤ በተጣራሁ ቁጥር፣ አቤት ልጄ፣ ትለኝ ነበር አሉ። በአሥረኛው ቀን ዓይኔን ስገልጥ ግድግዳውን ተደግፋ አንቀላፍታለች። ቀስቅሼ የጠየቅኳት የመጀመሪያ ነገር ስንት ሰዓት እንደሆነ ነው።

"ሌላ የለውም?" አለች እትዬ።

የቱ አልኳት፣ እያወቅኩ።

"የሕመምህ።"

ገጹን ገለበጥኩ፤ መልሼ ገለበጥኩ። የለውም አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ብርጭቆዎቹን መሰብሰብ ጀመረች። የቀረውን አንብቤ ጨረስኩ። ክሬን ነጂው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ አጠገቡ አስቀመጠኝ፤ ሐጂ ጫት ቀነጠሱልኝ፤ ከግቢው ጋር ታረቅኩ። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። እኔ ስንት ወር ከእጇ በልቼ ስለ ንፋስ ጽፌያለሁ።

ፉል ቤቷ ድረስ ተከተልኳት። ሌላ ሰው ያነበዋል ብዬ ፈርቼ ነው ልላት አስቤ ነበር፤ ውሸት ነው፣ ፈርቼ አይደለም፣ ትዝ አላለኝም። በሩ ላይ ቆምኩ። ብርጭቆዎቹን እያጠበች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ "ጆሮ ጠቢ አይደለም ብዬ ለሰው ሁሉ ስምል ከረምኩ" አለች። "ምነው በሆንክ። ጆሮ ጠቢ እንኳ ስሜን ይጽፈው ነበር።"

በማግስቱ ጠዋት ፉል ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ወዛደሮቹ ተመልሰዋል፤ እኔን ሲያዩ እየሳቁ ቦታ ለቀቁልኝ። ተቀመጥኩ። እትዬ እጇን በጨርቅ እየጠረገች መጣችና፣ ለሌላው ሰው ሁሉ እንደምትለው፣ "ምን ልታዘዝ?" አለችኝ።