ግራ ጉንጬ እስኪጸድቅ

ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚያመላልሰን ሰርቪስ ተገልብጦ ግራ ጉንጬ ሲቀደድ ሥጋው አብሮ ሄደ። ቁስሉ ዳነ፣ ጎድጓዳው ቀረ። እንቁላል ቢያስቀምጡበት አይንከባለልም ነበር። ሐኪሙ ከሆዴ ስብ ወስዶ እንደሚሞላው ሲነግረኝ ሳቅኩ። ስንት ዓመት በነጠላ የሸፈንኩት ቦርጭ በመጨረሻ ለቁም ነገር በቃ።

"ለስድስት ሳምንት ማንም እንዳይጫነው፤ በዚያ ጎንም አትተኚ" አለኝ ሞልቶት እንደጨረሰ። አተኛኘቱ አላስቸገረኝም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ፋሲካ ሆነ። አከራዬ ድፎ ዳቦ ይዘው እንኳን አደረሰሽ ሊሉኝ መጡና አንገቴን አቅፈው ቀኝና ግራ እያፈራረቁ ሳሙኝ። እሳቸው ሲስሙ ለይስሙላ አይደለም፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ይጫናሉ። ለሐኪሙ ያልከለከልኳቸው ይሉኝታ ይዞኝ ነው አልኩት። ውሸቴን ነው። በዚያ ግቢ ብቻዬን ስኖር አራት ዓመቴ ነበር፤ ከበዓል በቀር የሚስመኝ ሰው የለኝም። ናፍቆኝ ነው ጉንጬን የሰጠሁት።

ክረምቱ ሳይወጣ ስቡ ሟሟ። "መሳሙ ብቻ አይደለም፤ ከሚወጋው ስብ ሁልጊዜም የሚጠፋ አለ" አለኝ ሐኪሙ። አላመንኩትም።

ለሁለተኛ ጊዜ ሲሠራልኝ ከክንዴ ደም ቀዳ። በማሽን አሽከርክሮ እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ነገር አወጣና ከስቡ ጋር ቀላቀለው።

"ከቦታው የተነሣ ስብ አዲስ የደም ሥር እስኪደርሰው ምግብ አጥቶ ይራባል" አለኝ። "ይሄ እስከዚያ ደግፎ ያቆየዋል፣ እስኪጸድቅ። አንቺም እስኪጸድቅ ጉንጭሽን ከሰው ጠብቂ።"

እኔ የማውቀው የሚጸድቀው ችግኝ ነው፣ አለዚያም ነፍስ። ደግሞም የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እየተባልኩ አድጌ ከሰው የሚያርቅ መድኃኒት ታዘዘልኝ።

በዚህኛው ጊዜ ቃሉን ጠበቅኩ። አከራዬን "እትዬ፣ እባክዎ በእጅ ብቻ" ብዬ ለመንኳቸው፣ እሳቸውም እሺ አሉኝ። ለሌላው ሰው ሁሉ ማስረዳት ሰለቸኝ። እኛ ሰፈር፣ አቃቂ በሰቃ፣ መንገድ ላይ የማውቀው ሰው ሊስመኝ ሲጠጋ ወደ ኋላ እያልኩ እጄን እዘረጋለሁ። ኮራች ተባልኩ። ሳምንታቱ ካለፉም በኋላ ፈርቼ እንደዚያው ቀጠልኩ። ቀስ በቀስ እጁን የሚዘረጋልኝም ጠፋ።

በስድስተኛው ወር ሐኪሙ ጉንጬን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው። "ጸድቋል" አለ። ከቃሊቲ እስከ አቃቂ ታክሲ ውስጥ ስዳብሰው መጣሁ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ሳስብ የመጡልኝ አከራዬ ብቻ ናቸው። ደጃፋቸው ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ።

"እትዬ፣ ጸደቀ። አሁን መሳም ይቻላል" አልኳቸው።

"እሰይ ልጄ!" ብለው ተነሡና ቀኝ ጉንጬን ሳሙኝ። ደግመው ቀኙን። ግራዬን አዙሬ ጠበቅኩ።

"ተይ፣ እንዳላበላሽብሽ። ስንት ተሰቃይተሽበት" አሉና ወንበር ሊያመጡልኝ ገቡ። እኔ ጉንጬን እንዳዞርኩ በሩ ላይ ቆየሁ።