ሽታ የሌለውን የሚያሸት ዱቄት

ሮቤ እየተመላለስኩ ሁለተኛ ዲግሪዬን በፊዚክስ ስማር፣ ቤት የተከራየሁት ጎባ ነበር። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ በአክብሮት «አዴ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። አንድ የክረምት ከሰዓት ጉሙ ወርዶ ብርዱ ሲጠናብኝ፣ የተቀጣጠለ ከሰል ከነማንደጃው ክፍሌ አስገባሁ። በሩን ዘግቼ፣ ከሥሩ ንፋስ እንዳይገባ ፎጣ ወትፌ ማንበብ ጀመርኩ። ራሴን ከበደኝ። እንቅልፍ መሰለኝ።

ከዚያ የማስታውሰው ግቢው ጭቃ ላይ ተዘርግቼ ዝናብ ፊቴን ሲመታኝ ነው። አዴ የታጠበ ልብሴን ከገመድ ላይ እንዳነሳ ቢጠሩኝ ዝም ስላልኩ፣ በሩን በትከሻቸው ገንጥለው ጎትተው አውጥተውኛል።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ተናገሪ! እኔ ማን ነኝ?»

«አዴ» አልኩ።

«አልሀምዱሊላህ!» ብለው እዚያው ጭቃው ላይ አጠገቤ ቁጭ አሉ።

የመመረቂያ ሥራዬን ርዕስ ስመርጥ ብዙ አላሰብኩም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እኔም ያላወቅኩት ለዚህ ነው። ቲን ኦክሳይድ የተባለ ነጭ ዱቄት ግን ይለየዋል። ቅንጣቶቹ ናኖ በሚባለው መጠን እጅግ ሲያንሱ፣ ጋዙ የሚያርፍበት ገጽ ይበዛል። ዱቄቱ ሞቆ ሳለ ጋዙ ከነካው ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል፤ ያኔ ሴንሰሩ፣ ማለትም ጋዝ ጠቋሚው መሣሪያ፣ ላይ የተገጠመው ደወል ይጮኻል። በመጽሐፍ እንዲህ ነው። የእኔ ሴንሰር ግን መስኮት በተከፈተ ቁጥር ለባሌ ተራሮች ጉም ይጮህ ነበር።

ለሳምንታት ተበሳጨሁ። በመጨረሻ አብሮኝ የሚማር የአጋርፋ ልጅ የራሱን ሥራ አስቀምጦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ጋዝ ሳይሆን እርጥበቱ ነው የሚያሳስተው» አለኝ። «እርጥበቱን ለብቻው እንለካውና ከውጤቱ ላይ እንቀንሰው።»

እርጥበቱን የሚለካ ስስ ሽፋን ከዚንክ ኦክሳይድ አብረን ሠራን። ከዚያ በኋላ ጉም ሲገባ ዝም፣ የከሰል ጋዝ ሲገባ ጩኸት ሆነ። በደስታ ተቃቀፍን። ያለ እሱ እስካሁንም ባልተመረቅኩ ነበር።

ከሠራናቸው ሴንሰሮች አንዱን ወስጄ አዴ ቤት ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። ከሰል አስጠግቼ ሳስጮኸው ደንግጠው ወደ ደጅ ሮጡ፤ ተመልሰውም ሳቁ።

«ታዲያ ይሄ ከኔ ይሻላል?»

«እርስዎ በር ይገነጥላሉ፤ እሱ መጮህ ብቻ ነው የሚችለው። አዴ፣ የተማሪ ሥራ ስለሆነ እሱን ብቻ አይመኑ፤ በሩን ክፍት ያድርጉ።»

በሳምንቱ ቤታቸው ስገባ ግድግዳው ባዶ ነው። ከጎሮ የመጣች አዲስ ተከራይ ጓሮ ክፍል ውስጥ አራስ ናት። አዴ ሴንሰሩን ነቅለው ለእሷ ሰቅለውላታል።

«ሕፃን አለ እኮ» አሉኝ።

ለአዴ ሌላ ሠራሁላቸው።