የራሔል መጥበሻና የቲቶ ቅርጫት

ጎረቤቴ ራሔል መጥበሻዋን ጥዳ ዘይት ጠብ ስታደርግበት ከጓዳዬ ሆኜ እሰማዋለሁ። አማን ውስጥ የእኛ ሰፈር ቤቶች የተጠጋጉ ናቸው፤ የእሷን ማድ ቤትና የእኔን የሚለየው አንድ ረድፍ እንሰት ብቻ ነው። እኔ የዓለምዘርፍ እባላለሁ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ሰው መሐል መናገርም አይሆንልኝም። ይህን ለመጻፍ የደፈርኩት የሆነውን ነገር ከራሔልና ከእኔ በቀር ያየው ሰው ስለሌለ ነው።

ራሔል የተወለደችው እዚሁ ከሚዛን ወጣ ብሎ ነው። ቴፒ አጠገብ ባለ አንድ የቡና እርሻ፣ በእንግዳ ማረፊያው ወጥ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። እንግዶቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው፣ ርቧቸው ነው የሚመጡት። ወጥ እስኪበስል የሚታገሥ የለም። ስለዚህ አትክልቱን ከቀን ከትፋ ታስቀምጥና ሁሉንም በአንድ መጥበሻ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ማድረስ ለመደች። ሽሪምፕ የሚሉትን ባለ ብዙ እግር ትንሽ የውኃ ፍጥረትም መጀመሪያ ያየችው እዚያ ነው፤ ከአዲስ አበባ በበረዶ ሳጥን ይመጣ ነበር። ባሏ ቲቶ ደግሞ በዚያው እርሻ ቡና ሲገርዝ የኖረ ሰው ነው። «ይኼ እኮ በእኛም ወንዝ አለ፤ ትንሽ ቀጠን ይላል እንጂ» አላት አሉ።

ጡረታ ወጥተው አማን ሲገቡ ቲቶ ከቀርከሃ ቅርጫት ሠራ። አፉ ትንሽ ሳህን ብቻ የሚያሳልፍ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። እጀታው ሲሰበር በቀይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ጠፈረው። ከሰዓት በኋላ ከሰፈራችን በታች ባለው ወንዝ፣ ከዛፍ ሥር ሥር ያጠምደዋል። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሲመለስ ውኃው ከቅርጫቱ እየተንጠባጠበ በእኔ በር ያልፋል። እኔ ደግሞ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት አልበላም፤ አባቶቻችንም አልበሉም።

«እትዬ፣ ዛሬስ አትቀምሺም?» ትለኛለች ራሔል በእንሰቱ መሐል።

«የውኃ አንበጣሽን እዚያው!»

«አንበጣ እኮ ዮሐንስም በልቷል።»

«እሱ የበላው ቅጠል ነው፤ አባ ነግረውናል።»

«አባ አብረውት በልተዋል እንዴ?» ብላ ትስቃለች። ግን ሽሪምፑን ከመጨመሯ በፊት ሁልጊዜ ካሮቱንና ፎሶሊያውን ለእኔ በሳህን ታነሣልኛለች። እኔም ሳህኑን ቆሎ፣ ወይ ሙዝ፣ ሲጠፋ ሁለት ሎሚም ቢሆን አድርጌበት እመልሳለሁ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም። ያ ሳህን በዚያ አጥር በኩል ሲመላለስ አሥራ አራት ዓመት ሆነው።

አምና በሰኔ መጨረሻ ቲቶ ቅርጫቱን ይዞ ወንዝ ወረደና ሳይመለስ ቀረ። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ በድንገት ሞልቷል። የሰፈሩ ወንዶች አራት ቀን ፈለጉ። ሬሳውም ቅርጫቱም አልተገኘም።

ራሔል አላለቀሰችም። መብላት ብቻ ነው የተወችው። የቤተ ክርስቲያኗ ሰዎች እየመጡ ዘመሩላት፤ ልጇ ቤተልሔም ከጅማ መጥታ ሁለት ሳምንት ተቀመጠች። ስትሄድ እጄን ይዛ «እማማ፣ እናቴን አደራ» አለችኝ። አደራ የሚባለው ነገር ከተቀበሉት በኋላ እንቅልፍ አይሰጥም። መጥበሻው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለበሰ። አንገቷ እየቀጠነ፣ የጋብቻ ቀለበቷ ከጣቷ እየወለቀ መጣ።

ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ የዘይቱን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የነጭ ሽንኩርቱና የኮረሪማው ሽታ መጣ። ደስታዬ ነጠላዬን እንኳ አላስያዘኝም፤ በእንሰቱ መሐል ሾልኬ ገባሁ።

ራሔል ሳህኗን ጭኗ ላይ አድርጋ ትበላለች። ከፊት ለፊቷ ሌላ ትንሽ ሳህን ተሞልቶ በቅጠል ተከድኗል።

«እሰይ! ሽሪምፑን ከየት አገኘሽው?»

«ቲቶ ነው ያመጣው። ተቀመጪ እንጂ እትዬ።»

ዳቦ ከሱቅ እንደመጣ ነው የነገረችኝ። ዞር ብዬ ደፉን አየሁ። ቅርጫቱ እዚያ ነበር፤ አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እጀታው በቀይ ሽቦ የተጠፈረ። ውኃ ይንጠባጠብ ነበር። በዚያን ቀን ደግሞ ዝናብ አልጣለም።

«ገባ እንዴ? አየሽው?» አልኳት።

«አይገባም። ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ደክሞት ይሆናል።» ተነሣችና የተከደነውን ሳህን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጠች።

«ወዴት ነው?»

«ዕቃውን ልመልስለት ነዋ። ባዶውን ልመልስ?»

ወደ ወንዙ ስትወርድ ከደጃፏ ሆኜ አየኋት። ሲመሽ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ርሶ ተመለሰች።

ምናልባት የሚያዝንላት ሰው ይሆናል ብዬ ገበያ ሄድኩ። ዓሣ የሚሸጠውን ሳዲቅን ጠየቅሁት። «በዚህ ሙላት?» አለኝ። «እናቴ፣ እኔ ዓሣውን ራሱ ካየሁ ወር ሆኖኛል። ማን ነው ነፍሱን ጠልቶ የሚወርድ?»

ቅርጫቱ ግን መምጣቱን አልተወም። አንድ ቀን እየዘለለ፣ ሁልጊዜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ። ሽሪምፑ በሕይወት ነው፤ ሲንቀሳቀስ ቀርከሃው ውስጥ ወረቀት የሚፈተግ ዓይነት ድምፅ ያሰማል። የላከችው ሳህን ከሥሩ ታጥቦ ይገኛል። ራሔል መልኳ ተመለሰ፤ በላች፤ ሳቀችም። እኔ ግን የማየው ቀሚሷን ነበር። መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት። በሳምንቱ ጉልበት።

«ለምን እንዲህ ትርሻለሽ?» አልኳት አንድ ቀን።

«ድንጋዩ ላይ ስተውለት አይወስደውም። ገባ ብዬ ስተውለት ይወስደዋል።» ትንሽ አሰበችና «በየጊዜው ትንሽ ገባ ማለት ነው» አለች።

በመስከረም ሦስተኛው ሳምንት እስከ ወገቧ ርሳ መጣች። በማግሥቱ ትኩሳት ይዟት ተኛች። ለቤተልሔም ደወልኩ። መንገዱ ተንሸራቶ መኪና ቆሟል፤ እሑድ እደርሳለሁ አለችኝ። ሲነጋ ረቡዕ ሆነ። ጾም ነው፤ እኔ የበላሁት የለም። ራሔል አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሳለ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከደጅ ያ የወረቀት ድምፅ ተሰማ።

«መጣ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «እትዬ፣ ዛሬ አንቺ ሥሪልኝ።»

«እኔ? ያንን ነክቼ?»

«ባዶውን ብንመልስ ምን ይለናል? ነውር ነው።»

እንቢ ብላት ራሷ እንደምትነሣ አውቅ ነበር። ከሰሉን አቀጣጠልኩ። እሷ ከአልጋዋ ታዛለች፣ እኔ በተከፈተው በር እየሰማሁ እሠራለሁ።

«መጥበሻው ይጋል፤ ዘይቱን አታብዢ። ካሮቱ ይቅደም፣ እሱ ልቡ ደንዳና ነው። ፎሶሊያው ቀጥሎ።»

«ሽንኩርቱስ?»

«ኋላ! መጀመሪያ ካስገባሽው ያርራል። ስንት ዓመት ወጥ ሠርተሽ?»

«እኔ የለመድኩት ሽንኩርት ማስቀደም ነው» አልኩ፤ እሷም በትኩሳቷ ውስጥ ሳቀች። ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ የተፈጨ ኮረሪማ በሁለት ጣት። አትክልቱ ሳይልም ወደ ዳር ገፋሁት። ከዚያ እጄን ቅርጫቱ ውስጥ ሰደድኩ። ቀዝቃዛ ነበር፤ የጠዋት ውኃ ቅዝቃዜ ሳይሆን የጕድጓድ ቅዝቃዜ። ታጥቦና ተልጦ መጥበሻው ላይ ሲያርፍ ግራጫው ወዲያው ቀላ።

«ሲጠማዘዝ አውጪው!» አለች። «አንድ ደቂቃ ከጨመርሽ ጎማ ይሆናል። ሎሚውን ካወረድሽ በኋላ።»

ሦስት ጉርሻ በላችልኝ። የቀረውን በሳህን አድርጌ ከደንኩት። ቅርጫቱን ደግሞ ከሰሉ አጠገብ አቁሜ እስኪደርቅ ጠበቅሁ፤ ለምን እንዳደረቅሁት አላውቅም። እርጥቡን መሸከም ፈርቼ ይሆናል።

ወደ ወንዙ ስወርድ ገና ብርሃን ነበር። ጉሬዛዎቹ ዛፉ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱም አይጮህም፤ ሁሉም ወደ ውኃው ነው የሚያዩት። ቁልቁለቱን ሳጋምስ እግሬ ላይ ጠብ አለ። ዝቅ ብዬ አየሁ። እሳት ላይ ያደረቅሁት ቅርጫት ይንጠባጠባል።

ወንዙ ደፍርሶ ይጮህ ነበር። እኔ ጠርዙ ላይ ስደርስ ግን አንድ ቦታ፣ ከዳር አሥር እርምጃ ያህል ገባ ብሎ፣ ውኃው ጸጥ አለ። እንደ ሰፌድ ክብ የሆነ ጸጥታ። ራሔል ቀጥሎ የምትቆምበት ቦታ ያ መሆኑን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ። እዚያ የሚቆም ሰው የሚርሰው ወገቡ ብቻ አይደለም።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እሱ ይሰጣል፤ እሷ ዕቃውን ባዶ ላለመመለስ ትሰጣለች። እሱም ባለጌ አልነበረም፤ የሰው ሳህን ባዶ ላለመመለስ እንደገና ይሰጣል። እኔና እሷ አሥራ አራት ዓመት በአጥሩ ያደረግነው ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር አንዱ ካላጠፋ በቀር ማለቂያ የለውም።

በዕድሜዬ የሰው ዕቃ ባዶ መልሼ አላውቅም። ሳህኑን አወጣሁ፤ ነጠላዬ ሥር ያዝኩት፤ ሙቀቱ ሆዴን አቃጠለኝ። ቅርጫቱን ዳር ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩ።

«አቶ ቲቶ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ዛሬ ባዶውን ነው። ራሔልም ከእንግዲህ አትመጣም።»

ፊቴን አዞርኩ። ቅርጫቱ በድንጋዩ ላይ ሲጎተት ሰማሁ፤ ቀስ ብሎ፣ ቀርከሃው እየተፋቀ። ዞሬ አላየሁም። ምግብ መድፋት ኃጢአት ነውና ቤት ስገባ ሳህኑን ለድመቴ አቀረብኩላት። አሸተተችና ጅራቷን ሸጉጣ ወጣች።

መምጫው ቀን ዓርብ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ድምፅ የለም።

«ምን አስቀመጥሽለት?» አለችኝ ራሔል።

መዋሸት አልሆነልኝም። «ምንም። ባዶውን መለስኩት።»

«አንቺ? አንቺ የዓለምዘርፍ?» እትዬ ማለቱን ተወችው። «ያለ ሎሚ ሳህኔን መልሰሽ የማታውቂው ሴት፣ የቲቶን ባዶ መለስሽ?»

«ውኃው ወገብሽ ደርሶ ነበር ራሔልዬ። የልጅሽን አደራ ይዣለሁ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። ቅዳሜን ሙሉ አጥሚት ሳቀርብላት አልቀመሰችም። ደግሞ መብላት ተወች ብዬ እኔው ገደልኳት ስል አደርኩ። ያን ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነጋ።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ «እትዬ! እትዬ ነይ!» የሚል ጩኸት ሰማሁ። ራሔል በሌሊት ልብሷ ደጃፍ ላይ ተንበርክካለች። ግቢው ኩሬ ሆኗል፤ ጣሪያው ገና ያንጠባጥባል። ደፉ ላይ ቅርጫቱ ተቀምጧል።

ደረቅ ነበር። ዳስሼዋለሁ፤ ቀርከሃው የከሰል ዳር ሙቀት ነበረው። ውስጡ ባዶ ነው፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ እንኳ የለችበትም። ላልቶ የነበረው ቀይ ሽቦ እንደ አዲስ ጠብቆ ታስሯል።

«ባዶውን ሰጠኝ» አለች። «ቲቶ ባዶ እጁን ቤት መጥቶ አያውቅም። ጨርሷል ማለት ነው፤ አይደል?»

«ጨርሷል፤ ትቶልሽ ሄዷል» አልኳት።

ቅርጫቱን እቅፏ ውስጥ አስገብታ አለቀሰች፤ ከሰኔ ጀምሮ ያላለቀሰችውን። ቤተልሔም በባጃጅ ስትደርስ እኔም አብሬ እያለቀስኩ ነበር።

ራሔል ወደ ጅማ አልሄደችም። ቅርጫቱን መጥበሻው አጠገብ ሰቅላ ሽንኩርትና ካሮት ትይዝበታለች። ሽሪምፑን ሳዲቅ አንዳንዴ ከአዲስ አበባ በበረዶ ያስመጣላታል፤ «የወንዙን ያህል አይጣፍጥም» ትላለች እንጂ ትበላዋለች። በሳምንት አንድ ቀን፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዘይቱ ሲንጫጫ እኔም እሄዳለሁ። የእኔን ካሮትና ፎሶሊያ አስቀድማ ታነሣልኛለች።

ዘንድሮ ክረምቱ ከተመለሰ ወዲህ ግን አንድ ነገር አለ። ወንዙ ሞልቶ ባደረ ማግሥት ቅርጫቱ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ረጥቦ እናገኘዋለን። ጣሪያው ነው እንባባላለን። ራሔል ሽንኩርቱን አውጥታ ታብስና መልሳ ትሰቅለዋለች፤ እኔም ጣሪያውን ቀና ብዬ አላይም።