የገልባጩ ዘር

እናቴን ሰፈሩ «ኮስታራዋ» ይላታል። እኔ የምላት ሌላ ነው፤ እዚህ አይጻፍም። ስልሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ከድቷታል፣ ምላሷ ግን እንደተሳለ ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የቢራ ፋብሪካውን ጠርሙስ ስታጥብ ኖራለች። የጣቶቿ ጫፍ በማጠቢያው ሶዳ ተልጦ አሻራ የለውም። መታወቂያዋን ልታሳድስ ሄዳ ጸሐፊው ጣቷን ቀለም ላይ ደጋግሞ ቢጫነው ወረቀቱ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ወጣ። «ቀለማችሁን ቀይሩ እንጂ እኔን ምን ትጫኑኛላችሁ!» ብላ ጮኸችበት።

ይህን ሁሉ ዘመን በቢራ ሽታ ውስጥ ኖራ አንዲት ጠብታ አልቀመሰችም። ቤታችን ቢራ አይገባም፤ ቢራ የጠጣ ሰውም አይገባም። አባቴ በሕይወት ሳለ ከባልደረቦቹ ጋር አመሸት ካለ በር ላይ ታስቆመውና «እስቲ እፍ በል» ትለው ነበር። እፍ ይላል ምስኪኑ። ከሸተታት እራቱን በረንዳ ላይ ትሰጠዋለች። እኔ በመስኮት አየዋለሁ፤ እሱ ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ይበላል።

የዚህ ሁሉ ምክንያት አንድ ቃል ነበር። የእናቴ አያት «ገልባጭ» ይባሉ ነበር፣ እኛንም «የገልባጩ ዘር» የሚሉን ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። ገልባጭ ምን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም፤ መጀመሪያ ብርጭቆ የሚገለብጥ፣ ቀጥሎ ጠርሙስ የሚገለብጥ፣ በመጨረሻ ራሱ መንገድ ዳር የሚገለበጥ ሰው ነው። «አያቴን ሳልደርስበት መጠጥ ጨረሰው» ትለን ነበር እናቴ። «ነገሩ ደማችን ውስጥ አለ። ለኛ ዘር አንድ ጠብታ ይበቃዋል።»

አጎቴን ያባረረችውም በዚህ ነው። ያላት ወንድም እሱ ብቻ ነው፣ በአሥር ዓመት ትበልጠዋለች። ያን ቀን እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ እሱ ሃያ አንድ። ከሰዓት በኋላ እየሳቀ ገባ። ቢራ ፋብሪካው ጠመቃ ክፍል ሥራ አግኝቶ፣ አዲሶቹ ባልደረቦቹ አንድ ብርጭቆ ጋብዘውታል። እናቴ አንድ ጊዜ አሸተተችውና ልብሱን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቃ መንገድ ላይ ወረወረችው። «ገልባጭ! ሂድና እንደ አያትህ ገልብጥ!» አለችው። ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ፣ አይቶም እሷን ደገፈ። ከዚያ በኋላ መጀመሪያ አንድ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ እሷ ሥራ ካቆመች ወዲህ ደግሞ መንገድ ላይ፣ ሲተላለፉ እሷ ወደ ግድግዳው እሱ ወደ ቦዩ እየዞሩ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞላቸው።

ባለፈው ሰኞ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። አጎቴ ከተከራየበት ሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰብሯል፤ ታክሟል፤ አልጋውን እስከ ዓርብ ይልቀቅልን፣ የሚወስደው ዘመድ ከሌለ ወደ መጦሪያ እንልከዋለን ነው ነገሩ። ሄድኩ። ክራንቹን አልጋው ራስጌ አስደግፎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ተቀምጧል።

«አልለምናትም» አለኝ ገና ሳልቀመጥ። «እሷን መለመኔ አይደለም። ደረጃ የሌለው ቤት የማውቀው የእናትሽን ብቻ ስለሆነ ነው።»

ለእናቴ ነገርኳት። ሽንኩርት ትልጥ ነበር፣ ቢላዋዋን እንኳ አላቆመችም።

«ገልባጭ ቤቴ አይገባም።»

«እማዬ፣ ሰውየው መራመድ አይችልም።»

«መገልበጥ ግን አያቅተውም።»

እኔም እንግዲህ የሷ ልጅ ነኝ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ይህ ገልባጭ የሚሉት ሰውዬ ማን እንደነበረ ቆፍሬ አወጣዋለሁ አልኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ የፈለግሁት አጎቴን ማዳን ብቻ አልነበረም፤ ፊቷ ላይ የምወረውርባት ነገር ነበር የፈለግሁት። ከምሠራበት መነጽር ቤት የሦስት ቀን ፈቃድ ወስጄ ማክሰኞ ጠዋት የፋብሪካው መዝገብ ቤት ወረድኩ።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። አንድ አምፖል፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ወረቀት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ደግሞ ሰው ሲመጣበት የሚያመው የሚመስል ሹም።

«ምን ፈልገው ነው?»

«ቅድመ አያቴን።»

«እዚህ የሉም።»

«መዝገባቸውን ማለቴ ነው። እዚህ ሠርተዋል። እናቴም እዚሁ ጠርሙስ አጣቢ ነበረች።»

«ደብዳቤ ይዘዋል?»

«ከማን? ከሳቸው?»

አልሳቀም። ኃላፊው ይፍቀዱ አለኝ፤ ኃላፊው ፈቃድ ላይ ናቸው አለኝ፤ መዝገቡ አቧራ አለው፣ ያስነጥስዎታል አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ማስነጠስ ጀመርኩ፤ እያስመሰልኩ። እስከ ምሳ ሰዓት አስነጠስኩበት። በመጨረሻ ተነስቶ ሦስት ትልልቅ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ጣለልኝ። «የቆዩት ሠራተኞች እነዚህ ናቸው። ገጽ ከቀደዱ እከስዎታለሁ» አለ።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ ጽሕፈቱ ደግሞ ዶሮ የጫረው ነው። ረቡዕ ከምሳ በኋላ የቅድመ አያቴን ስም ከነአባታቸው አገኘሁት። ትይዩው ላይ፣ የሥራ መደብ በሚለው ረድፍ፣ «ገልባጭ» ይላል።

ሰውዬው መስሪያ ቤት ውስጥ፣ በማኅተም፣ ሰካራም ተብለው ተመዝግበዋል! መዝገቡን ልዘጋው ስል ዓይኔ ከስር ባለው ስም ላይ አረፈ። እሱም ገልባጭ። ከሱ ስር ያለውም ገልባጭ። ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አንድ ናቸው። ወደ ቀድሞው መዝገብ ተመለስኩና የቅድመ አያቴን አባት ፈለግሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ዘፍዛፊ» ይላቸዋል።

«ይቅርታ፣ እዚህ ፋብሪካ አንድ ገጽ ሙሉ ሰካራም ይቀጠር ነበር?» አልኩት ሹሙን።

መጥቶ አየና ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ደግ ሳቅ አልነበረም። «የጠርሙስ አጣቢ ልጅ ሆነው ይሄን አያውቁም? የብቅል ቤት ሰዎች ናቸው። ብቅል ቤቱ ከተዘጋ ሃምሳ ምናምን ዓመቱ ነው። የቀሩት አንድ ሽማግሌ ናቸው፣ ከኋላው በር አጠገብ ይኖራሉ። ይሂዱና እሳቸው ላይ ያስነጥሱ።»

ሽማግሌውን «አባ ብቅል» ይሏቸዋል። ሰማንያውን አልፈዋል። በራቸውን በጣት ስፋት ከፍተው «ምንም አልገዛም» አሉኝ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው። አገጬን ትክ ብለው ካዩ በኋላ «አገጩማ የሱው ነው፣ ግትር አገጭ» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። የድሮው ብቅል ቤት አሁን የጎማ መጋዘን ነው። ዘበኛው ሊከለክለን ሲል በከዘራቸው ገፋ አድርገውት ገቡ።

ረጅም አዳራሽ ነው፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ወለሉ ለስላሳ ድንጋይ። ሽማግሌው ጎማዎቹን እየረገሙ መሃል ላይ ቆሙ።

«ገብሱን ወዲያ ማዶ ዘፍዛፊዎቹ ገንዳ ውስጥ ይዘፈዝፉታል። ውኃውን ጠጥቶ ሲያብጥ እዚህ ወለል ላይ ይሰጣል። ከዚያ ማጎንቆል ይጀምራል። ሲያጎነቁል ደግሞ ይሞቃል፣ ሥሩም ይጠላለፋል። ዝም ካልሽው እንደ ምንጣፍ ተያይዞ ይበሰብስልሻል። ስለዚህ በእንጨት አካፋ ትገለብጪዋለሽ፣ ቀንም ማታም፣ በየስድስት ሰዓቱ። ገልባጭ ማለት እሱ ነው።»

«ሌላ ትርጉም የለውም?»

«ለሰካራሞች ካልሆነ የለውም» አሉ ተቆጥተው። «ያንቺ ቅድመ አያት መጠጥ በአፉ አይዞርም ነበር። ገልባጭ አፍንጫው ነው እንጀራው። ገብሱ ኪያር ኪያር ሲሸት ደህና ነው፤ ሌላ ሲሸት ተበላሽቷል። የጠጣ ሰው ይህን አይለይም። እኔ አንድ ቀን ቀማምሼ ብገባ በአካፋው ጀርባ መቀመጫዬን ነው ያለኝ። የገደለው አቧራው ነው፣ ሳንባውን።» ከዚያ ባዶ እጃቸውን አካፋ እንደያዘ ሰው አድርገው፣ ጎንበስ ብለው፣ አንዴ ገለበጡ። ወገባቸውን ያዛቸውና እኔን ሰደቡኝ።

ወደ ቤት የሄድኩት እየሮጥኩ ነው ማለት ይቻላል። ደስታም ክፋትም ነበረብኝ። እናቴ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጀመርኩላት፤ መዝገቡን፣ አሥራ አንዱን ገልባጮች፣ አካፋውን፣ አፍንጫውን፣ ሳንባውን። «ስለዚህ ሰካራም አልነበሩም! ሰካራም ዘር የለሽም! ወንድምሽን በባዶ ነው ያባረርሽው!» አልኳት።

እንድትደነግጥ ነበር የጠበቅሁት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ገልባጭ ምን እንደሆነ ነዋ። ምሳውን የማደርስለት እኔ አልነበርኩም እንዴ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ሆኜ? እርጥቡን ገብስ በእፍኙ አንስቶ ያሸትተኝ ነበር።»

«ሳልደርስበት ሞተ ስትዪን አልኖርሽም?»

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

ወደ መስኮቱ ዞረች። ከዚያ በዚያው በለመደችው የጠብ ድምፅዋ ጀመረች።

«እናትና አባታችን ሲሞቱ እሱ ሦስት ዓመቱ ነበር። እኔ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ፤ ይሄን ነግሬሽ አላውቅም። አስተማሪዋ ቤት ድረስ መጥታ 'አታቋርጪ' ብላ ለመነችኝ። አቋረጥኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ጠርሙስ አጠብኩ፣ እሱ እንዲማር። መሐንዲስ ሊሆን አንድ ዓመት ነበር የቀረው። አንድ! ትቶት መጣ። መማር ሰለቸኝ ብሎ፣ ፋብሪካ ገባሁ ብሎ፣ እየሳቀ መጣ። እሱ እንዳይገባበት እኔ የተቀበርኩበት ቦታ ገባሁ ብሎ እየሳቀ!»

«ታዲያ እንደዚህ አትዪውም ነበር?»

«ማን ይሰማኛል? ሴት ከፋኝ ብላ ወንድሟን ብታባርር ጨካኝ ናት ይላሉ። ሰካራም ነው ስል ግን ሰፈሩ ሁሉ አገዘኝ። ቃሉ እዚያው ተቀምጦ ነበር፣ አነሳሁት። እሱ ባይኖር ሌላ አላጣም ነበር።»

«አባቴስ? አባቴ ምን አደረገሽ?»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ትንሽ ወረደ። «አባትሽን ዝም ብዬ ባስገባው፣ 'ታዲያ ወንድምሽን ለምን?' ይሉኝ ነበር። አንዴ ከጀመርኩ በኋላ ማቆሚያ አጣሁ።»

ጠላኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ጠልቻት አላውቅም፤ አባቴ በረንዳ ላይ ሳህኑን ይዞ ታየኝ። አስተማሪዋም ታየችኝ፣ አይቻት የማላውቃት ሴት። በሁለቱ መሃል ሆኜ ወደ ጓዳ ገባሁ። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ።

«ስለ ገብሱ እንዳትነግሪው። ለምን እንዳባረርኩት ንገሪው። እሱን ሰምቶ የሚመጣ ከሆነ ይምጣ። ካልመጣም የራሱ ጉዳይ።»

ዓርብ ጠዋት ሆስፒታል ስደርስ አጎቴ ሻንጣው ተዘጋጅቶ፣ የመጦሪያው ፎርም ጭኑ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው። ነርሷ እስክሪብቶ ይዛ ትጠብቃለች። ቃል በቃል ነገርኩት፤ አስተማሪዋን፣ አሥራ ስምንቱን ዓመት፣ ሳቁን። ነርሷም አፏን ከፍታ ሰማች።

«ሰካራም ብትሉኝ ይሻለኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ጥፋት የለብኝም ብዬ ነው የጠላኋት። አሁን ይሄን ምን ላድርገው?»

«እኔ ምን አውቄ» አልኩት።

«አንቺ ጨምረሽበታል።»

«አንዲት ቃል አልጨመርኩም።»

«አንደኛ ነበርኩ አለች?»

«አለች።»

«አታውቀኝም ነበር ማለት ነው፤ እኔም አላውቃትም ነበር» አለ፣ ለኔ ይሁን ለራሱ አልገባኝም። ፎርሙን ለነርሷ መለሰላት። «ጫማዬን ከአልጋው ስር አውጪልኝ። ደግሞ ልታረቅ የምሄድ እንዳይመስልሽ። ይሄን ነገር ራሷ በአፏ ትንገረኝ።»

ጎንበስ ማለት ስለማይችል እኔ ተንበርክኬ አጠለቅኩለት። ቸኩዬ ኖሮ የግራውን በቀኝ እግሩ ነበር ያደረግሁት። «ዓይንሽ የት ሄዷል? መነጽር ቤት ተቀምጠሽ ራስሽ አታዪም እንዴ?» ብሎ ሰደበኝ። ቁርጥ እናቴን።