የሬዲዮው ልብስ ላይ የጠለፍኋት ጉጉት

ጉጉት እወዳለሁ። በሥዕልም፣ በጥልፍም፣ በሸክላም። ይህን ደባርቅ ውስጥ መናገር ዛሬም ያስገላምጣል፤ በደርግ ዘመን፣ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ጦር ሜዳ ሳለ፣ በእናቴ ቤት ጭራሽ የማይታሰብ ነበር።

ፍቅሯ የያዘኝ ከመጽሐፍ ነው። ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ፣ እኩዮቼ ልጅ ሲያዝሉ ነው። በሳይንስ መጽሐፋችን ውስጥ ሌሎቹ ወፎች ሁሉ በጎን ተስለዋል፤ ጉጉት ብቻ ጥያቄ ጠይቆ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ፊት ለፊት ታያለች።

እናቴ የሬዲዮ ልብስ ጥለፊልኝ ስትለኝ እሷን ጠለፍሁ። ለላባዋ ሦስት ዓይነት ቡኒ ክር ፈለግሁ። ዳባት ገበያ አንዱን አገኘሁ፤ ሁለተኛውን ካሮጌ ሹራብ ተረተርሁ፤ ሦስተኛውን ጎንደር ለሚሄድ ሁሉ እያዘዝሁ ስጠብቅ ክረምቱ አለፈ። ዐይኖቿንማ ስንት ጊዜ ፈትቼ እንደሠራሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

እናቴ ዜና ልትሰማ ወደ ሬዲዮው ስትቀርብ አየቻት።

«በስመ አብ! አንቺ፣ ምንድን ነው ይኼ?»

«ጉጉት ናት፣ እማዬ።»

«እሱንማ አየሁ! ዛፍ ላይ ስትጮህ እንኳ በድንጋይ የምናባርራትን፣ ልጄ ጦር ሜዳ ሳለ ቤቴ ታስገቢያለሽ?»

«ክር እኮ ናት። ክር አይጮኽም።»

«ዐይኗን እዪው እስቲ! ወዲህ ብል ታየኛለች፣ ወዲያ ብል ታየኛለች።»

ሥራዬን እንዲህ አድርጎ ያመሰገነልኝ ሰው የለም፤ ምስጋናው ግን ፍርድ ሆነብኝ።

እሳት ልትጭር የመጣች ጎረቤታችን፣ «አዬ፣ ርግብ ጠፍታሽ ነው? በሉ ገልብጡና አልብሱት» አለች። እናቴ ገለበጠችው። ጉጉቷ እዚያም አለች። ጀርባው ያላማረ ጥልፍ ሥራ አይመስለኝም፤ ቋጠሮውን ሁሉ ደብቄዋለሁ። ጎረቤታችን በሳቅ ፈረሰች። እናቴ አልሳቀችም፤ «በዚህም በኩል?» ብላ አጣጥፋ ሳጥኗ ውስጥ ቆለፈችባት።

እርር አልሁ። ጉጉት ገብሳችንን የሚፈጀውን አይጥ እንደምትበላ ከመጽሐፉ አነበብሁላት።

«አይጥ ትብላ፤ ልጄን አትብላብኝ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ ወንድሜ ፈቃድ አግኝቶ መጣ፤ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በሁለት እግሩ። እልልታው ሳያባራ እናቴ ወደ እኔ ዞረች፦

«አየሽ? ከሬዲዮው ባነሣናት ነው!»

ቢሞት ጉጉቷ ገደለችው፤ ቢመጣ ጉጉቷ ስለተቆለፈች ነው። የምረታበት መንገድ የለም። የቀረኝ ወንድሜ ነበር፤ ተምሯል፣ ያግዘኛል አልሁ።

«እስቲ አንተ ንገራት፤ ጨርቅ ሰው ይገድላል?»

ጨርቁን አስወጥቶ በሁለቱም በኩል አገላብጦ አየው። «ዐይኗ! እንዴት ብትችይበት ነው፣ እታለም?» አለ። ደስ አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ግን ፈቃዴ ሲያልቅ ተመልሼ ሄያጅ ነኝ። ጨርሼ እስክመጣ ሳጥኑ ውስጥ ብትቆይ ምን አለበት?»

ጨርቁን ከእጁ ተቀበልሁ። አጣጠፍኋት። እናቴ ቁልፉን አቀበለችኝ፤ እኔው ቆለፍሁባት።